የወተት ጥርስና ጎሜ

ልጁ የመጀመሪያ የወተት ጥርሱን ሲነቅል የሰው እናት ትስቃለች፣ ጥርሱን ጣሪያ ላይ ታስወረውራለች። እኔ ግን ጥርሱን በደም በቀላ መዳፌ ጨብጬ መሐል አስፋልት ላይ "ባጃጅ! ባጃጅ!" እያልኩ ጮህኩ። የልጄ ደም አንዴ ከፈሰሰ አይቆምም። ሄሞፊሊያ ይባላል፤ ደም የሚያረጋው ነገር በሰውነቱ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል።

ሆስፒታል አስተኙት። ደም ሰጡት፣ ድዱ ላይ ፋሻ አስነከሱት። ፋሻው ቀልቶ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ከአባያ ሐይቅ ዓሣ የሚያመጣው ጎረቤታችን በረዶ በፌስታል ይዞልኝ መጣ፤ እሱን ጉንጩ ላይ ይዤ ቁጭ አልኩ። ሐኪሙ ዓይኔን እየሸሸ "መድኃኒቱ እዚህ የለም፤ አዲስ አበባ እየተፈለገ ነው። ከተገኘ በአውሮፕላን ይልኩልናል" አለኝ። "ካልተገኘስ?" ብዬ አፈጠጥኩበት። ምን ያድርግ እሱስ!

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ያንን የተጠማዘዘ የዲኤንኤ መሰላል ሰሌዳ ላይ ስስል ኖሬያለሁ፤ ኤ ከቲ ጋር፣ ሲ ከጂ ጋር እያልኩ። አባቶቻቸው ጨንቻ ሸማ ለሚሠሩ ተማሪዎቼ "ሁለት ክር አብሮ እንደተገመደ አስቡት። ሴሉ ሲባዛ ግምዱ ይፈታና እያንዳንዱ ክር ጓደኛውን እንደገና ይሠራል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ስህተቱም አብሮ ይገለበጣል" እላቸዋለሁ። ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። በሌላ ሰው ልጅ ሲሆን እንዴት ይቀላል!

ትንሽ ልጅ እያለሁ ወንድሜ ተገረዘና ደሙ አልቆም አለ። ዘመዶቻችን "ጎሜ ነው" አሉ። ጎሜ በኛ በጋሞዎች ዘንድ ክልክል የሆነ ነገር የጣሰ ሰው የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ በራሱ ባይደርስ በልጁ፣ በልጅ ልጁ ይደርሳል። ጥፋተኛው በሽማግሌ ፊት ተናዝዞ ከታረቀ ግን ይፈታል። ምስኪን እናቴ ያደረገችውንም ያላደረገችውንም ተናዘዘች። ወንድሜ ሞተ። እናቴ ሳትናገረው የቀረ ነገር ያለ እየመሰላት እስከ ዛሬ ራሷን ትበላለች።

እንግዲህ የልጄ ጥርስ በወለቀ በማግስቱ የባሌ አባት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከጨንቻ ወረዱ። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አስጠሩኝ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ አጠገባቸው ቆሟል።

"ልጄ፣ ጎሜው የኔ ነው" አሉ አባቱ። "በጉብዝናዬ ጊዜ የወንድሜን ድንበር ገፍቼ አረስኩ። ሳንታረቅ ሞተ። ይኸው በልጅ ልጄ መጣብኝ።" እንባቸው በጺማቸው ላይ ወረደ።

ባሌን በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ! ሐኪሙ ሲያስረዳን አብሮኝ ሰምቷል። ዘመዶቹ ጣታቸውን እኔ ላይ እንዳይቀስሩ ብሎ ደበቃቸው እንጂ ከማን እንደመጣ ያውቃል። ይኸው አባቱ በሌላቸው ዕዳ ሲቃጠሉ ዝም ብሎ ያያል።

"አባባ፣ ከእርስዎ አይደለም" አልኩ፤ ቁጢጥ ብዬ በጭራሮ መሬት ላይ እየሳልኩላቸው። "ከእርስዎ ወደ ባሌ፣ ከባሌ ወደ ልጁ የሄደው ይኸኛው የዘር ክር ነው፤ ዋይ ይባላል። በሽታው ያለው ኤክስ በሚባለው ላይ ነው። ኤክስን ለልጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለኔ የሰጠችኝ እናቴ ናት።"

ሥዕሉን አዩት፤ ቀጥሎ እኔን።

"ምን አድርገሽ?"

"ምንም። ምንም አላደረግሁም፣ አባባ።"

"እናትሽስ?"

"እሷም ምንም።"

"ታዲያ ማንን ነው ይቅር በለን የምንለው?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። "ማንንም አይደለም" አልኩ። ሐኪሙ በረንዳው ላይ ስልክ ይዞ ወጣ፤ ሁላችንም ዞርን። ወደኔ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒቱ አልተገኘም።

የባሌ አባት እጄን ያዙኝ። "ተይው ልጄ፣ በኔ ይሁን" አሉ። "የኔ ከሆነ ይፈታል። ያንቺ ግን መፍቻ የለውም።" ከዚያ ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው የድንበሩን ነገር ከመጀመሪያው ጀምረው ይናዘዙ ጀመር።

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እኔም ለመንኩ። ያስተማርኩት ሁሉ ውሸት ሆኖ የድንበሩ ነገር እውነት እንዲሆን፣ ፈጣሪዬን ለመንኩ።