ቦዩ ዳር የሚቆመው ሰው

መካነ ሰላም ኮብልስቶን በተነጠፈላት ዓመት፣ በክረምቱ ማብቂያ የመጣ ሰው ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፤ እሱ ግን ሱሪውን ሰብስቦ ቦዩ ዳር ይቆማል። ጎርፉን በጠርሙስ ቀድቶ ያሸታል። ከማንም ቤት ውሃ ቀምሶ አያውቅም።

«ከገበያው የሚወርደው ጎርፍ የታችኛውን ምንጭ ምን ያህል እንደሚበክለው በስሌት ላውቅ ነው» ብሏታል፣ ቤቷ ከቦዩ አጠገብ ለሆነው ለኑርጃን። ነፍሰ ጡር ልጇ የምትጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው።

ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሳው። ውሃው ጥርት ብሏል። ኑርጃን ደነገጠች።

«ልጄ፣ ይሄን ውሃ እንዳታምነው! እንግዳ ጉድፋችንን አይይ ብለን ትናንት ሴቶቹ ተሰብስበን ቦዩን ጠርገነዋል። ወላሂ፣ ሌላ ጊዜ የሞተ ውሻ ሳይቀር ይወርድበታል።»

«የመጥረጊያውን ፈለግ አይቼዋለሁ፣ እማማ።»

«ታዲያ?»

«ከእንግዲህ ዝናብ የለም። የላኩኝ ሰዎች ስሌቱን በያዝከው ውሃ አስተካክል ብለውኛል። ከዚህ በፊት በነበርኩበት አገርም እንዲሁ ነው የሆነው።»

«እዚያ ያሉት ሰዎች ደህና ናቸው?»

ሰውየው ጠርሙሱን በመሐረቡ አደራረቀ። ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ልጅዎ ግን አፍልታ ትጠጣ።»

«ሌላውስ ሰው?»

ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች እየተሳሳቁ ወደ ምንጩ ሲወርዱ፣ ባርኔጣውን አንስቶ መንገድ ለቀቀላቸው።