የፊልም መመልከቻ ቅጽ፣ አራተኛ ዓምድ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ መርሳ ውስጥ፣ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት። ከወልድያ በመጀመሪያው ሚኒባስ ስለመጣሁ የፊልም ቁጥጥር ቢሮው እስኪከፈት በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ኃላፊያችን አቶ ታደሰ ቁልፋቸውን እያወጡ አዩኝና «አዲሷ ባለሙያ አንቺ ነሽ?» አሉ። ጭንቅላቴን ነቅንቄ አዎ አልኩ። «ድምፅ የለሽም እንዴ? ቪዲዮ ቤቶቹ በምንሽ ይፈሩሻል!» ብለው ሳቁ።

ያን ጠዋት ማኅተም፣ ሐምራዊ ቀለም፣ መመሪያና አንድ እሽግ የፊልም መመልከቻ ቅጽ ተረከብኩ። ቅጹ አምስት ዓምድ አለው፦ የፊልሙ ስም፣ ያመጣው ሰው፣ ደቂቃ፣ አስጸያፊ ትዕይንት፣ ውሳኔ። ውሳኔው ከአራት አንዱ ነው፦ ለሁሉም፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ፣ ወይም የታገደ።

አቶ ታደሰ ሥራውን ያስረዱኝ በአጭሩ ነበር። «ፊልሙን ሳትዘይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዪ። አራተኛውን ዓምድ ደግሞ ያላየ ዳኛ አንብቦ እንዲፈርድ አድርገሽ ሙዪ። ‘መጥፎ ነገር አለው’ ብለሽ እንዳታመጪልኝ።»

ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የጋሽ ሰይድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ያሉት። በትርጉም የሚቀርቡ የህንድና የድብድብ ፊልሞች ያሳዩ ነበር። ገና በሁለተኛው ሳምንት ባሕርዬን አውቀውታል። «እቱ፣ መሳሳም ሲመጣ ዓይንሽን ትሸፍኛለሽ አሉ። ታዲያ ሳታዪው በምን ትቆርጪዋለሽ?» አሉኝ በሰው ፊት። ወንበር ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እውነታቸውን ነበር፤ እሸፍናለሁ። በጣቶቼ መካከል ደቂቃውን ብቻ አይና እጽፋለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስሸሽ ማኅተሙን በካልሲ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፤ የተረከብኩት ነገር ስለሆነ ይመስለኛል።

ከተማው ተለቆ ስንመለስ ቢሮው በር አልነበረውም። ኮምፒውተሮቹ የሉም። ቅጾቹ መሬት ላይ ተበትነው ነበር፤ የሚሆኑትን ለቅሜ በጉልበቴ ላይ አስተካከልኳቸው። አቶ ታደሰ ዘመድ ቤት ደብቀውት የተረፈ ላፕቶፕ ነበራቸው። መብራት ሲመለስ በዚያ ሥራ ጀመርን።

ጋሽ ሰይድም ቤታቸውን ከፈቱ። ከጦርነቱ በፊት እኔው «ለሁሉም» ብዬ ማኅተም የመታሁበትን ፊልም ሲያሳዩ ለቁጥጥር ገባሁ። ፊልሙ ውስጥ ተኩስ ተጀመረ። ፊት ወንበር የነበሩት ልጆች በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተኙ። አንድም ልጅ አልጮኸም። ጋሽ ሰይድ ድምፁን ዘጉት፤ ልጆቹ ግን አልተነሡም። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው «ኑ ውጡ፣ ፀሐይ ነው፣ ምንም የለም» እስኪሏቸው ድረስ ወንበር ሥር ቆዩ።

በማግስቱ ያንን ፊልም ከአሥራ ስምንት በላይ አደረግኩት። አቶ ታደሰ «በመመሪያው ለሁሉም የሚሆን ነው» አሉ። «መመሪያው ልጆቹ መሬት ላይ መተኛት ሳይለምዱ የተጻፈ ነው» አልኳቸው። ለአለቃ የመለስኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። አዩኝና ፈረሙ።

ሳምንት ሳይሞላ ጋሽ ሰይድ አንድ ፍላሽ ይዘው መጡ። ከሐራ በኩል ያለፈ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጥቷቸዋል፤ ሹፌሩን አያውቁትም። በስልክ የተቀረጸ ነው፤ መንገድ፣ የተቃጠለ መኪና፣ ሬሳ። ጥቂቱን ለሦስት አራት ሰው ከፍተው ካሳዩ በኋላ ፈርተው አቆሙት።

«ከአሥራ ስምንት በላይ በዪልኝና ላሳየው» አሉ።

«ጋሼ፣ ልጆች ሾልከው ይገባሉ።»

«እቱ፣ ጥይቱ ዕድሜ ጠይቆ ነበር? ፊልሙን ከአሥራ ስምንት በላይ ትያለሽ፤ መንገዱን ማን ከአሥራ ስምንት በላይ አለው? ልጆቹ ያላዩትን አላመጣሁ።»

«አንዴ አይተውታል። ሁለተኛ እንዲያዩት አልፈልግም።»

«እሺ፣ ልጆቹን ወላሂ በሩ ላይ ቆሜ እመልሳለሁ። ትልልቆቹስ? ስንቱ ሰው የጠፋበትን ይፈልጋል። ምናልባት እዚህ ውስጥ ያገኘዋል።»

አቶ ታደሰ ጠረጴዛውን መቱ። «ሰው የልጁን ሬሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ተጋፍቶ ይይ? ክብር የለውም? ይታገድ፤ ይደምሰስ።»

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እኔ በበኩሌ «አይታይ፤ ግን ቅጂ ይቀመጥ» የሚል አሳብ ነበረኝ። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አቶ ታደሰ ተቆጥተው ስለነበር ዋጥኩት።

ብቻዬን ተቀምጬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት። በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ካሜራው አንድ ወጣት ጋ ቆመ። ቅጹ ላይ የጻፍኩት ይህ ነው፦ «ከአስፋልት ዳር፣ ከትንሽ ድልድይ አጠገብ የወደቀ ወንድ። ሰማያዊ መስመር ያለው ሽርጥ። ኮንጎ ጫማ። የቀኙ ማሰሪያ ተበጥሶ በቢጫ ሽቦ የታሰረ፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ የታጠፈ። አይንቀሳቀስም።» ስጨርስ በውሳኔው ዓምድ «የታገደ» ብዬ ማኅተም መታሁ። መመሪያው በሚያዘው መሠረት በጋሽ ሰይድና በአቶ ታደሰ ፊት ፍላሹን ደመሰስኩት። ሁለቱም በምስክርነት ፈረሙ።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ በገበያ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ አንዲት እናት ከግራና መጡ። ጋሽ ሰይድ ናቸው ያመጧቸው። እትዬ ዘምዘም ይባላሉ። «የግራና ልጅ ቪዲዮው ላይ አለ» የሚል ወሬ ሰምተዋል። ልጃቸው እንድሪስ ለሥራ ወደ ሐራ እንደሄደ አልተመለሰም።

«አሳዪኝ፣ ልጄ» አሉ። «ሸሆቹ፣ መሞቱ ሳይታወቅ የሬሳ ሶላት አይሰገድበትም አሉኝ። ሚስቱ ቁጭ ብላ በር በር ታያለች። ቁርጡን ልወቀው።»

ጋሽ ሰይድ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እኔ ነበርኩ መናገር ያለብኝ። «እትዬ፣ የለም። ደምስሼዋለሁ።»

አልጮኹም። «ምኑን?» አሉ ብቻ።

ቅጹን ከፋይል አወጣሁ። «አስጸያፊ ትዕይንት» የሚለውን የዓምዱን ርዕስ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ አነበብኩላቸው። ሽርጡ ጋ ስደርስ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ቢጫው ሽቦ ጋ ስደርስ «ቁሚ» አሉ።

«ጫፉ ወደ ውስጥ ነው ያልሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እግሩን እንዳይቧጥጠው እኔ ነኝ ያጠፍኩት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብለው «ፊቱስ? ፊቱ እንዴት ነበር?» አሉ።

ወረቀቱ ላይ ፊት አልነበረም። «ፊቱን አላየሁም። ፈርቼ ሸፈንኩ። እግሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ሰይድ ይቀልዱብኝ ነበር። እትዬ ዘምዘም ግን እጄን ያዙኝ። «ማን ይችለዋል፣ ልጄ። እግሩ ይበቃኛል» አሉ። ቀጥለው ድልድዩ የት እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ሄደው አፈሩን ሊያዩ።

አላወቅሁትም። ያን መንገድ የሚመላለስ ሹፌር ቪዲዮውን ቢያይ ያውቀው ነበር። ጋሽ ሰይድ «ትንሽ ድልድይ በዚያ መንገድ ላይ ስንት ነው!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እትዬ ዘምዘም ለሸሆቹ የሚያሳዩት ወረቀት ፈለጉ። ፎቶ ኮፒ ስላልነበረ በእጄ ገለበጥኩላቸው፤ የዓምዱን ርዕስ ትቼ፣ ደቂቃውን ትቼ፣ ፈርሜ። አጣጥፈው በጡታቸው ሥር ከተቱት። «ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ ይሰገድበታል» አሉና ጋሽ ሰይድ ደግፈዋቸው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ዋለ።

ይህን ሥራ አሁን ለሚረከቡ የምለው አጭር ነው። ማገድና መደምሰስ ሁለት ሥራ ናቸው። ያ ቪዲዮ ለልጆች መከልከሉ ትክክል ነበር፤ ዛሬም እከለክለዋለሁ። መደምሰሱ ስህተት ነበር፤ ስህተት መሆኑንም እያወቅኩ ዝም አልኩ። ፊቱንም ማየት ነበረብኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለማየት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ። ቅጹን አወጣሁ። ማስመሪያ ይዤ «አስጸያፊ ትዕይንት» የሚለው ርዕስ ላይ መስመር አሰመርኩ። ከበላዩ «እንድሪስ፣ የእትዬ ዘምዘም ልጅ፣ ከግራና» ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተሙን ከጎኑ መትቼ ቀለሙ እስኪደርቅ ተቀመጥኩ።