ጉና ላይ የተመኘሁት በረዶ

ሌላው ሰው በቤት ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፤ እኔ የምቀናው በዝናብ ነው። ዘንዘልማ ላይ ዘንቦ እኛ ሰፈር ጠብ ሳይል ከቀረ ቀኑን ሙሉ ፊቴ አይፈታም። አንዲት የቢሮ ባልደረባዬ ከዚያ ጫማዋን ጭቃ አስነክታ ትገባና፣ "ትናንት እንዴት ያለ ዝናብ ጣለ መሰለሽ!" ትለኛለች። እግዜር ይይላት፤ ሆን ብላ የምታናድደኝ ይመስለኛል። የእሷ ቤት ከእኛ ቤት በባጃጅ ሩቅ አይደለም። ደመናው ከጣና ተነስቶ፣ በእኔ ጣራ ላይ አልፎ፣ እሷ ዘንድ ሄዶ ይራገፋል። ምን አድርጌው ነው?

እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ባሕር ዳር ውስጥ አሉ። ቴሌግራም ላይ ቡድን አለን። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ሰው ጭኖ ወደ ዘጌ ጀልባ ይነዳል። የሳተላይት የደመና ምስል እየተቀባበልን፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ እየተጠያየቅን፣ "ዛሬ ይጥላል፣ አይጥልም" እያልን ስንጨቃጨቅ እንውላለን። ከፍሎ የሚያሠራን የለም። ባሌ ሥራ ፈቶች ይለናል፤ ቢሆንም ልብስ አጥባ ከማስጣቷ በፊት እኔን የማትጠይቅ ጎረቤት የለችንም።

የቡድናችን ትልቁ ምኞት የጉናን ተራራ ነጭ ሆኖ ማየት ነበር። በረዶ ስል ቆርቆሮ የሚደበድበውን ጠጠር ማለቴ አይደለም፤ እሱማ እኛም ጋ አልፎ አልፎ ይጥላል። እኔ የምለው ሌሊቱን ወርዶ ወርዶ፣ ጠዋት ሰው ሲነሳ ተራራው ላይ ተጋግሮ የሚያድረውን ነው። ሰማይ በጠራ ጠዋት ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ላየ ሰው ጉና ይታያል። ነጭ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አባቴ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ከደሴ መጥቶ እዚህ ከቀረ በኋላ የተወለድኩ የሙቀት ልጅ ነኝ። ባሌ ደግሞ ጉና ሥር ተወልዶ ያደገ ነው። በልጅነቱ ስንት ጊዜ አይቶታል፤ በእጁ ዘግኖታል፤ በላዩ ሮጧል።

"እንዴት ነው ግን?" ብዬ በተጋባን ሰሞን ጠይቄው ነበር።

"ይበርዳል" አለኝ።

ይኸው ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁትን ነገር አይቶ፣ ነክቶ፣ ከዚያ ያተረፈው ይህችን አንዲት ቃል ነው። ለማይፈልገው ይሰጠዋል ብዬ በገዛ ባሌ ልጅነት ቀናሁ። ይስቁብኝ ይሆናል፤ ግን እውነቴን ነው።

ከዚያ ሐሙሲት ከተማ የምታስተምር አንዲት ሴት ቡድናችን ውስጥ ገባች። እሷ እስክትመጣ ድረስ ሰው የሚሰማው እኔን ነበር። ትምህርት ቤቷ ሜዳ ላይ ስትቆም የምሥራቁ ሰማይ ወለል ብሎ ይታያታል፤ እኔ ከጓሮዬ የማየው የጎረቤት ፎቅ ነው። በዚያ ላይ በአጻጻፏ ቁጥብ ናት። እኔ "ዛሬ ጉድ ይፈላል!" ብዬ ስጽፍ እሷ "ትንሽ ሊያካፋ ይችላል" ትላለች፤ ሲያካፋ ሁሉም እሷን ያመሰግናል። አንዳንዴ ሲጠይቋት "አላውቅም" ብላ ትመልሳለች። ይህች "አላውቅም" የምትባለዋ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ አንጀቴን ታሳርረዋለች። ለአላውቅምም ልብ ይልኩላታል!

አንድ እሁድ ሐይቁ ዳር ተሰብስበን ዓሣ ስንበላ እሷም መጣች። ባሌ እኔን ሊወስድ ሲመጣ ተዋወቁ። ለካ ሐሙሲት ከመዛወሯ በፊት እነሱ መንደር አስተምራ ኖሯል፤ የአባቱን ደብር፣ መድኃኔዓለምን፣ ታውቀዋለች። ስለ ገብስ ወሬ ጀመሩ። የትኛው ገብስ ቶሎ ይደርሳል፣ የትኛው ለጠላ ይሆናል እያሉ፣ እኔ ቦርሳዬን ይዤ ቆሜ፣ ወሬው አላልቅ አለ። ለካ ባሌ ወሬ ያውቃል! እኔ ዘንድ "ይበርዳል" ያለው ሰው ለእሷ የበረዶውን ድምፅ ሳይቀር ሲያወራላት ሰማሁ። ስልክም ተለዋወጡ።

ያለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ መጥራት ሲገባው፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ደመና መሰብሰብ ጀመረ። ሐሙስ ዕለት ምስሉን ሳየው ልቤ ደነገጠ። ቅዝቃዜው፣ ነፋሱ፣ እርጥበቱ፣ ሁሉም ወደ ጉና ነው የሚለው። ቡድናችን ታመሰ። የባንኩ ሰው ካሜራ ከወንድሙ ተዋሰ። የጀልባ ነጂው ቅዳሜና እሁድ መንገደኛ አልይዝም አለ። የሐሙሲቷ መምህርት ብቻ "ወደ ሰሜን የሚያልፍ ይመስለኛል፤ ጉናን አይነካም" ብላ ጻፈች። ቀናተኛ ብዬ በሆዴ ሰደብኳት። ማን ለማን እንደሚለው አላስተዋልኩም።

የዚያኑ ዕለት ምሽት ባሌ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። አባቱ ስልክ ደውለው ነበር። ገብሳቸው ደርሷል፤ ግን ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ቢያገኝ ይሻላል ብለው ጎረቤቱን በደቦ የጠሩት ለሰኞ ነው። ቅዳሜ ዓመታዊው የመድኃኔዓለም በዓል፣ እሁድም ሰንበት ነው፤ በእነዚህ ቀናት እዚያ አገር ማጭድ የሚያነሳ ሰው የለም። በዓል የሻረ ሰው በረዶ ይጠራል ይባላል። ስለዚህ ዝናብ የሚመጣ ከሆነ ሳይደርቅም ቢሆን ዓርብ መታጨድ አለበት፤ ለዚያም ሰው ዛሬውኑ መጠራት አለበት። የዓመት ቀለባቸው ያ ማሳ ነው።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ። "ይወርዳል ወይስ አይወርድም?"

"ይወርዳል!" አልኩት። "ምን መውረድ ብቻ! ሙሉ ጉና ነጭ ነው የሚሆነው። እሁድ ጠዋት ቤዛዊት ላይ ሆነን እናየዋለን። እንዲህ ያለ ደመና በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ና፣ ምስሉን ላሳይህ።"

ስልኬን ዘረጋሁለት። እሱ ምስሉን አላየም፤ ፊቴን ነው ያየው። ከዚያ ተነስቶ በረንዳ ላይ ወጣ። በመስኮቱ ሲያወራ ሰማሁት።

"እህቴ፣ ይቅርታ መሸብሽ። ስለ አባቴ ገብስ ልጠይቅሽ ብየ ነው።"

ባሎች ስንት ነገር በድብቅ ያወራሉ ይባላል። የእኔ ባል ደግሞ የዓመታት የሰማይ ጠባቂ ሚስቱን ሳሎን አስቀምጦ ስለ ዝናብ ሌላ ሴት፣ ያችኑ የሐሙሲቷን፣ ይጠይቃል! ሌላ ነገር ቢያወራት ይሻለኝ ነበር። እሷ የምትለው አልተሰማኝም፤ እሱ ግን "እሺ፣ እሺ፣ እግዜር ያክብርሽ" አለና ወደ አባቱ ደወለ።

"አባባ፣ ሰኞ ይሁን። አያሰጋም ብለውኛል።"

ሲገባ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ምስሌ ተመለስኩ። ዓርብ አለፈ፤ ደረቅ ቀን ነበር፤ ለአጨዳ የተሠራ የሚመስል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነሳ። እኛ ጋ አቧራ ብቻ ነው። በምሥራቅ ግን ሰማዩ ጠቆረ፤ መብረቁ እስከ እኛ ድረስ ይታያል። ቡድኑ ውስጥ መልእክቱ እንደ ዝናብ ይወርዳል። አመሻሽ ላይ የሐሙሲቷ ጻፈች፤ "ተሳስቻለሁ። ወደ ጉና ዞሯል። እግዚአብሔር ይርዳቸው።" እኔ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ደጋግሜ አነበብኳት። ተሳስቻለሁ። ምን ያህል እንደጣፈጠችኝ! ባሌ ወደ አባቱ ይደውላል፤ ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም። ይደውላል፤ አይቀበልም።

እሁድ ጠዋት በሁለት ባጃጅ ሆነን ቤዛዊት ወጣን። ባሌንም "ና፣ በረዶው እስከ የት እንደወረደ ከዚያ ይታይሃል" ብዬ ነው ያመጣሁት። ሰማዩ ታጥቦ ጠርቷል። ጉና ነጭ ነበር። ጫፉ ብቻ አይደለም፤ ትከሻው፣ ጎኑ፣ ሰው እስከሚያርስበት እስከ ታች ድረስ ነጭ ነበር። የባንኩ ሰው ካሜራውን ረስቶ አፉን ከፈተ። ነርሷ እንባ በእንባ ሆነች። እኔ እየዘለልኩ የባሌን ክንድ ያዝኩ።

"አየህ? አየህ አይደል? አላልኩህም ነበር?"

በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። አባቱ ናቸው። ነፋሱ ስላስቸገረው ድምፁን ከፍ አደረገው፤ ሁላችንም ሰማን።

"ልጄ፣ ገብሱ አለቀ" አሉ። "ፍሬውም አገዳውም መሬት ሆነ። እስካሁን እንደ ነጣ ነው፣ አልቀለጠም።"

"አባባ፣ እርስዎ ደህና ነዎት?"

"እኔማ ደህና ነኝ። መንደሩ ትናንት በበዓሉ ማን ማጭድ እንዳነሳ እየተጠያየቀ ነው። በረዶውን የሆነ ሰውማ ጠርቶታል ይላሉ። ማንም አልሠራሁም ይላል። እኔም የማየው የታጨደ ማሳ የለም።"

ባሌ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ገና ክንዱን እንደያዝኩ ነበር፤ ፊቴ ላይም ያ ደስታ ገና አልወረደም መሰለኝ፤ ቶሎ ለማጥፋት ሞከርኩ፣ አልጠፋልኝም። ክንዱን ለቀቅኩት።

ስልኩን እንደዘጋ ሌላ ጥሪ ገባ። የሐሙሲቷ ናት። እያለቀሰች እንደሆነ ከእሱ አነጋገር ገባኝ።

"አይዞሽ እህቴ፣ ምን ታደርጊ። አንቺ ያየሽውን ነው የነገርሽኝ። ኧረ በፈጣሪ፣ አታልቅሺ።"

ይሄንን ሁሉ ቆሜ ሰማሁ። የተሳሳተችው እሷ፣ የምትጽናናውም እሷ! በእሷ ቃል ነው ደቦው ለሰኞ የቀረው፤ እኔን ሰምቶ ቢሆን ገብሱ ዓርብ ገብቶ ነበር። ለእኔ ግን አንድ "ልክ ነበርሽ" የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ባጃጅ ውስጥ እስክንገባ ጠበቅኩና ፈነዳሁ።

"እኔ ይወርዳል አላልኩህም?"

"ብለሽኛል።"

"ታዲያ ለምን አልሰማኸኝም? ለምንስ እሷን አታኮርፋትም?"

ድምፁ አልተቆጣም።

"አንቺ ሁልጊዜ ይወርዳል ነው የምትይው። ስለ አባቴ ገብስ ልጠይቅሽ ስመጣ ዓይንሽ እንደ ሰርግ ቤት ሲበራ አየሁ። ስለ ገብስ ይሁን ስለ ምኞትሽ የምትነግሪኝ መለየት አቃተኝ። እሷ ተሳሳተች። አንቺ ተመኘሽ።"

"ምኞት በረዶ አያወርድም!"

"አያወርድም" አለ፤ "እኔም አውቃለሁ።" ከዚያ በኋላ ቤታችን እስክንደርስ መንገዱን ሲያይ ነበር።

አማቼ ያን ዓመት የኖሩት እኛ በላክንላቸው እህል ነው። ቡድኑ የዚያን ጠዋት ፎቶ መለያው አድርጎታል፤ ሰው ሁሉ አሁንም ያ ቀን እንዴት ያለ ቀን ነበር ይላል። እኔ ምስሉ ሲመጣብኝ በጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። በእሷ መቅናቴን ግን አልተውኩም፤ እንዲያውም ብሶብኛል።

ዘንድሮም ጥቅምት ገባ፤ ዘንድሮም በደቡብ ምሥራቅ ደመና ተሰበሰበ። ትናንት ምሽት ምስሉን ከፍቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አምላኬ ባክህ አይውረድ አልኩ። ከዚያ ነፋሱን አየሁ፣ እርጥበቱን አየሁ፣ መልሴን አዘጋጅቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ባሌ ከውስጥ ወጣ። በአጠገቤ አልፎ የበረንዳውን በር ከፈተና ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

"እህቴ፣ እንደምን አመሸሽ" ሲል ሰማሁት።