ከድሮዊንግ ጋር ያስታረቀኝ እፍኝ ሳር

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የዶርማችንን በር ስከፍት... ደፉ ላይ ሰው ተንበርክኳል።

ሊነጋ ሲል ነው። አርባ ምንጭ፣ የመጀመሪያ ዓመት ኢንጂነሪንግ ተማሪ እያለሁ። ከሲቀላ መናኸሪያ ለሚነሳው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ይዣለሁ፤ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ እናት አባቴ ቤት። ለማንም አልተናገርኩም። ኢንጂነሪንግ ይቅርብኝ ብዬ ወስኛለሁ፣ በቃ።

ምክንያቱ ድሮዊንግ ነው። ሙቀቱን ችዬዋለሁ፣ ፎጣ አርሼ ደረቴ ላይ ጣል አድርጌ መተኛት ተምሬያለሁ። የካፌውንም ሽሮ ለምጄዋለሁ። ድሮዊንግ ግን... አንድ ዕቃ ከፊት፣ ከላይና ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል ሦስት ሥዕል ይሰጡህና «በል ሙሉውን ሣል» ይሉሃል። ሌላው ተማሪ ወረቀቱን ሲያይ ዕቃው ይታየዋል። ለእኔ የሚታየኝ መስመር ብቻ። የመጀመሪያውን ፈተና ከሃያው ሦስት አመጣሁ። አባቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ ልጄ» እያለ ነው የሚያወራው።

የተንበረከከው ማርቆስ ነው፣ የዶርም ጓደኛዬ። የጋሞዋ ገረሴ ከተማ ልጅ ነው፤ ግቢ ከመግባቱ በፊት እዚያው አንደኛ ደረጃ ያስተምር ስለነበር ሁላችንም «መምህር» ነበር የምንለው። የራሱን የፈተና ወረቀት ለማንም አላሳየም። መምህር አይደል፣ መቼም ይችላል ብለን ትተነዋል።

በሁለት እጁ እርጥብ ሳር ይዟል።

«መምህር፣ ምን ሆነሃል? ጸሎት ነው?»

«አይ፣ ሽምግልና ነው። እኛ ጋ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ መሀል ይንበረከካል። እኔ ገና ሽማግሌ አይደለሁም... ግን ከዚህ ዶርም ትልቁ እኔ ነኝ።»

«ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ከድሮዊንግ። ማታ ሻንጣህን ስታስር አይቼሃለሁ።»

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጡ። አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው፣ ይሄ ሰውዬ ይቀልድብኛል።

«ድሮዊንግ ሰው ነው እንዴ?»

«ሰው ካልሆነ ታዲያ ለምን አኮረፍከው?»

ልለፍ ወይ አልኩት፣ እለፍ አለኝ። ሳሩን ግን ከፊቴ አላነሳውም።

«የሚይዝህ የለም። ግን እኛ ጋ ይሄን ሳር ማንም አይሻገረውም፣ ጎሜ ነው።»

ጎሜ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ከፊቱ ገባኝ። እርም እንደምንለው ነገር ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ የጋሞ ጎሜ ምን አገባኝ? አንድ እፍኝ ሳር ነው እኮ። ከልብስ ማጠቢያው ቧንቧ ሥር የተነቀለ፣ ጭቃው እንኳ ያልረገፈለት። እግሬን አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሽማግሌ ሁለቱንም ወገን ይሰማል» አለኝ። «በል፣ ምን በደለህ?»

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩና የሆዴን ዘረገፍኩት። ሦስት ፊት ያሳየኛል፣ ዋናውን ይደብቀኛል አልኩ። ስለ አባቴም ነገርኩት። ላይኛው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ «ኧረ በፈጣሪ አስተኙን» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ማርቆስ ሳይስቅ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ድሮዊንግ ደግሞ፣ ያፈጥብኛል እንጂ አንድ ቀን በእጁ ነክቶኝ አያውቅም ነው የሚለው» አለ። «ገረሴ እያለሁ ልጆቹን ቅርጽ በድንች ነበር የማስተምራቸው። እዚህ ድንቹ ያለው ካፌ ነው... ሻንጣህ ውስጥ ሳሙና አለ?»

ነበረኝ፣ የልብስ ሳሙና። ከሥር ስለነበር እሱን ለማውጣት ልብሴን በሙሉ አልጋው ላይ ዘረገፍኩ። ማርቆስ ሳሙናውን በክር ለሁለት ከፈለና ግማሹን ሰጠኝ፤ ግማሹን ኪሱ ከተተ። ታዘብኩት። አስታራቂ ሳሙና ይካፈላል እንዴ?

የወደቅኩበትን ጥያቄ ፊቴ ዘርግቶ ምላጭ ሰጠኝ። «መጀመሪያ ከፊት የሚታየውን ብቻ ቁረጥ። ሌላውን እርሳው።» ቆረጥኩ። ቀጥሎ ከላይ የሚታየውን። ቀጥሎ የጎኑን። ከዚያ ሳዞረው... ያ ሲያሰቃየኝ የከረመው የተቆራረጠ መስመር ለካ ከኋላ ያለ ጎድጓዳ ኖሯል። ከፊት ስለማይታይ ነው በተቆራረጠ መስመር የሚሣለው። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ፣ ሳሙናውን እያገላበጥኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ቀና ስል ነግቷል፣ አውቶቡሱም ሄዷል።

ድሮዊንግን ሁለታችንም በሲ አለፍን። እኔ ዛሬ ሕንፃ እሠራለሁ፣ እሱ የመጠጥ ውሃ ሥራ ላይ ነው። ትናንት ስንደዋወል ያቺ ጠዋት ትዝ አለችኝና «ብሻገረው ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» አልኩት።



«እከተልህ ነበር። እኔ እኮ ከሃያው ሁለት ነበር ያመጣሁት። የኔም ሻንጣ ታስሮ አልጋ ሥር ነበር። አንተ እዚህ ከቀረህ እኔም እቀራለሁ ብዬ ነው የተንበረከክሁት... ግማሿን ሳሙና ሻወር ቤት ተደብቄ ስቆርጣት ነው የዋልኩት።»

እኔ ደግሞ ልብስ ሊያጥብባት መስሎኝ... ይኸው ስንት ዓመት በግማሽ ሳሙና ስታዘበው ኖሬያለሁ።