ለሌላ ሰው የተጻፈ መልእክት

ይህ የደረሰብኝ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰበታን ባናወጠበት ዓመት፣ ታኅሣሥ ወር ላይ ነው። ብዙ ሰው ከዚያ ጊዜ የሚያስታውሰው የተዘጋውን መንገድና የጎማውን ጭስ ነው። እኔ የማስታውሰው አንዲት እናትን ነው። ከተፍኪ እስከ ሰበታ በእግር ያስኬዳቸው እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነበርና።

ኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ስለከበደኝ ሰበታ ገብቼ እዚያው አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው አጭር መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠራሁ። ቀጠሮ ያስታውሳል፣ የላብራቶሪ ውጤት መድረሱን ይናገራል፣ ድንገተኛ ታካሚ ሲገባ ለቤተሰብ ያሳውቃል። በእኛ ፊደል አንድ መልእክት ከሰባ ሆሄ በላይ ስለማይዝ፣ ቦታ ለመቆጠብ የታካሚውን ስም አንጽፍም ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራዬ ትንሽ ልናገር። በፕሮግራሙ ውስጥ አራት ላኪዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሁሉም መልእክት የሚያነሱት ከአንድ ዝርዝር ነው። የተለመደው አሠራር፣ አንዱ ዝርዝሩን ሲነካ ቆልፎ ሌሎቹን ማስጠበቅ ነው። እኔ ግን ቁልፍ ስለሌለው፣ ማንም ማንንም ስለማይጠብቅበት ዝርዝር አንብቤ ልቤ ተነሣስቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ክሊኒኩ ያን ያህል ፍጥነት አያስፈልገውም። መቻሌን ለራሴ ማሳየት ፈልጌ ነው።

የዚህ አሠራር ከባዱ ነገር መልእክቱን ከዝርዝሩ ማውጣት አይደለም። መልእክቱ የተቀመጠበት የሜሞሪ ቦታ መቼ ለአዲስ መልእክት እንደሚሰጥ ማወቁ ነው። ቦታው "አልቋል" ተብሎ ሲለቀቅ አንዱ ላኪ ገና እያነበበው ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን በግምት አለፍኩት። መልእክቱ ከዝርዝሩ ከወጣ አምስት ሰከንድ በኋላ ቦታው ይለቀቅ አልኩ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ አንብቦ የማይጨርስ ላኪ አይኖርም ብዬ።

ያን ቀን ጠዋት የጅማ መንገድ ተዘጋ። የክሊኒኩ ዶክተር ቀጠሮ ላላቸው ሁሉ "መንገድ ስለተዘጋ ዛሬ አይምጡ" የሚል መልእክት እንዲላክ አዘዘ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አንዱን ለመላክ ብዙ ጊዜ ይወስድ ነበር። አራት ሰዓት ገደማ ገመቹ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት የሥራ ባልደረቦቹ ተሸክመው አመጡት። ሰው ሲሯሯጥ ቦይ ውስጥ ወድቆ ጭኑ ተሰብሯል። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛችን ማርታ ተጂ ከተማ የሚኖሩትን የአባቱን ስልክ መዘገበች። "ልጅዎ ጉዳት ደርሶበት ክሊኒካችን ገብቷል፤ በአስቸኳይ ይምጡ" የሚለው መልእክትም ወደ ዝርዝሩ ገባ።

ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት እናት እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገቡ። አደ ድንቂቱ ይባላሉ፤ የተፍኪ ገበሬ ናቸው። እህል ከሚወቃበት አውድማ ተነሥተው ነው የመጡት።

"ኢልመ ኮ! ልጄን አሳዩኝ! በሕይወት አለ?"

ስልካቸውን ዘረጉልን። መልእክቱ የእኛ ነው። ልጃቸው ደረጄ ዓለምገና ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ መንገድ ላይ ሆነው ሲደውሉለት ስልኩ ዝግ ነው። በዚያ ቀን የገባ ጉዳተኛ ወጣት ገመቹ ብቻ ስለነበር፣ ማርታ ደግፋ ወደ ክፍሉ አስገባቻቸው። አዩት። የአልጋውን ብረት ይዘው ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ይሄ የኔ አይደለም" አሉ። ወደ ማርታ ቀና ብለው ደግሞ፣ "የኔ ታዲያ የት ነው ያለው?"

ዶክተሩ ወደ ማርታ ዞረ። "አሁንም ቁጥር አሳሳትሽ?"

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሰው የሌላ ሰው ውጤት ደርሶት ተቆጥቶ መጥቶ ነበር። ያኔ ማርታ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባት። ፕሮግራሙን ከፍቼ ሳላይ "የምዝገባ ስህተት ነው" ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ኮምፒውተሬ ጋ ሮጬ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፈትኩ። ማርታ የጻፈችው ቁጥር ትክክል ነው። አደ ድንቂቱ በዚያ ቀን የደም ግፊት ቀጠሮ ነበራቸው። አንዱ ላኪ "አይምጡ" የሚለውን ሊልክላቸው ቁጥራቸውን አንብቦ፣ ኔትወርክ ሲጠብቅ አሥራ አንድ ሰከንድ ቆይቷል። በአምስተኛው ሰከንድ ቦታው ተለቅቆ የገመቹ መልእክት ገብቶበታል። ላኪው ተመልሶ ጽሑፉን ሲያነብ ያገኘው የገመቹን ነው። እሱን ለአደ ድንቂቱ ላከና "ተልኳል" የሚል ምልክት አደረገበት።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ያን መዝገብ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን እንዳሰብኩ አልደብቅም። ከበሩ ማዶ ማርታ ስታለቅስ ሰማሁና ወጣሁ።

"ዶክተር፣ ማርታ አላሳሳተችም። ጥፋቱ የኔ ነው። ያለፈውም የኔ ሳይሆን አይቀርም።"

ከዚያ አደ ድንቂቱ አጠገብ ተንበረከክሁ። "እማማ፣ ለእርስዎ የተጻፈው 'አይምጡ' የሚል ነበር። ማሽኑ አንብቦ ሳይጨርስ በቦታው ሌላ ጽሑፍ እንዲገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ይህን ሁሉ መንገድ ልጄን እየቀበርኩ ነው የመጣሁት" አሉ። አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ ወደ አልጋው እያመለከቱ፣ "የዚህኛው ቤተሰብስ ሰምቷል?" አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። "ተልኳል" የሚል ምልክት ስላለበት ሌሎቹ ላኪዎች አልፈውታል፤ ለአባቱ ማንም አልነገራቸውም። ወዲያው ደወልኩ። አባቱ ኦቦ ቶሎሳ ገና ከእኔ መስማታቸው ነበር። "መኪና የለም፤ ግን እመጣለሁ" ብለው ዘጉት።

የደረጄን ነገር የያዘችው ማርታ ናት። ዓይኗን ጠርጋ፣ ከታካሚዎች መዝገብ የዚያ ፋብሪካ ሠራተኞችን ስልክ እየፈለገች አንድ በአንድ ደወለች። አሥር ሰዓት ላይ አንዱ አነሣ። ፋብሪካው በሩን ዘግቶ ሁሉም ውስጥ ናቸው፤ የደረጄ ስልክ ባትሪ ጨርሷል። ሰውየው ደረጄን ጠርቶ አገናኛቸው። አደ ድንቂቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው "ጅርታ? ጅርታ?" ብቻ ይሉ ነበር። "አለህ ወይ?" ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ገመቹ አጠገብ ተቀመጡ። "አባቱ እስኪደርስ የትም አልሄድም" አሉ። አጥሚት በማንኪያ አጠጡት፤ ሲያቃስት በኦሮምኛ ያባብሉት ነበር። ኦቦ ቶሎሳ በማግስቱ ጠዋት ደርሰው ልጃቸውን እስኪረከቧቸው ድረስ አልተነሡም።

ፕሮግራሙን በዚያው ቀን ወደ ተለመደው ቁልፍ መለስኩት። መዘግየቱን ያስተዋለ ሰው የለም። ያለ ቁልፍ የሚሠራውን በትክክል የጻፍኩት ከወራት በኋላ ነው። አሁን እያንዳንዱ ላኪ የሚያነበውን ቦታ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ያስታወቀ አንድ እንኳ ካለ ቦታው አይለቀቅም። በሰከንድ የሚገመት ነገር የለም።

የማርታ ማስጠንቀቂያ ከፋይሏ ወጣ። በሁሉም ፊት ይቅርታ ስጠይቃት፣ "ይቅር ብያለሁ፤ ግን ሳታዪ መናገርሽ ነው ያመመኝ" አለችኝ። ዛሬ ወጣት ፕሮግራመሮች የጻፉትን ስመረምር "ትንሽ ጠብቆ ይልቀቅ" የሚል ካየሁ፣ ይህ አነጋገሯ ትዝ ስለሚለኝ እንዲሁ አላልፈውም።

ከአደ ድንቂቱ ጋር እስካሁን እንደዋወላለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም የጽሑፍ መልእክት ቢልክላቸው አይከፍቱም። "ድምፅሽን አሰሚኝ" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ስለዚህ በደወልኩ ቁጥር ገና ስልኩን ሲያነሡ "እማማ፣ ሁሉም ደህና ነው" እላቸዋለሁ። ሲተነፍሱ እሰማለሁ። ሰላምታ የምንለዋወጠው ከዚያ በኋላ ነው።