የጋሽ ሰለሞን ትንበያና የእማዬ ዋጋ

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስሜ ሲጠራ እግሬ መሬት መርገጡን እንጃ። ትምህርት ቤታችን «የሚመጣው ዓመት የኢኮኖሚ ዕድገትና የዋጋ ግሽበት» በሚል ርዕስ ጽሑፍ አወዳድሮን ነበርና የእኔ ተመረጠ፤ ቅዳሜ በወላጆች ፊት አነበዋለሁ። የጻፍኩት ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

እማዬ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ሥር በተከራየቻት ክፍል ምሳ ታበስላለች። ደንበኞቿ ከሜክሲኮ አደባባይ በእግራቸው የሚመጡ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ በኮንትራት፣ ማለትም የወሩን ምሳ ወር ሲገባ በአንዴ ከፍለው ይበላሉ። እኔም ከትምህርት ስመለስ ከእነሱው ጋር እቀመጥ ነበር። ክረምት ላይ ጃንጥላው በሩ ሥር ይደረደርና የረጠበ ካፖርት ሽታ ከሽሮው ጋር ይደባለቃል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ከደንበኞቹ አንዱ፣ ጋሽ ሰለሞን፣ ኢኮኖሚ የሚያጠና መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ገና ሲገቡ ሌሎቹ ደንበኞች ይጀምሯቸዋል።

«ጋሽ ሰለሞን፣ ዛሬ ትንበያው ምን ይላል?»

«እስከ ሰባት ሰዓት ሽሮ፤ ከዚያ በኋላ ቃር ይጠበቃል።»

እማዬ ከምድጃው ዞር ብላ፣ «ቃሩ ከእኔ ሽሮ አይደለም፣ ከአለቃዎ ነው» ትላቸዋለች።

ስምንተኛ ክፍል ልገባ ባለሁበት ክረምት ዘይቱም ሽንኩርቱም ሲጨምር እማዬ እንቅልፍ አጣች። የኮንትራቱን ዋጋ ካልጨመረች የቤት ኪራዩን አትችለውም፤ ከጨመረች ደግሞ ደመወዛቸው ያው የሆነ ደንበኞቿ ይቀሩባታል። አንድ ቀን ጋሽ ሰለሞንን የምሯን ጠየቀቻቸው። «ኢኮኖሚው ያድጋል፣ ግሽበቱም ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል» አሏት። እፎይ አለች። ሽንኩርት የሚረክስ መስሏት ዋጋዋን ሳትነካ አዲስ ዓመትን ተሻገረች፣ መስቀልንም። ሽንኩርቱ ግን አልረከሰም።

ጥቅምት ላይ ሳህናቸውን እያስቀመጠችላቸው፣ «ይቀንሳል ብለውኝ አልነበር?» አለቻቸው።

«ቀነሰ እኮ፣ አበበች።»

«የቱ ጋ? እስቲ ያሳዩኝና ሄጄ ልግዛ።»

ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ሰለሞን አልሳቁም። በበሩ በኩል ወደ ጣቢያው የሚቃረበውን የከተማ ባቡር አሳዩዋት። «አየሽው? ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ወደ ኋላ ግን አልተመለሰም። ግሽበት ቀነሰ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው።»

እማዬ «እኔ መቼ ስለ ባቡር ጠየቅኩዎት» አለች። «ልጨምር ወይስ ልጠብቅ ነው ያልኩት።»



ኅዳር ሲገባ ጨመረች። ኮንትራታቸውን ካላደሱት ሰዎች የመጀመሪያው ጋሽ ሰለሞን ነበሩ። እማዬ የተቀየሟት መስሏት ስትብሰለሰል ሰነበተች። አንድ ቀን ግን በፌስታል የጠቀለሉትን ምሳ ዕቃ ይዘው በራችን ላይ ቆመው አየናቸው።

«አዲሱ ዋጋ ከበደኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእማዬ እያሸሹ። «ቢሮ ውስጥ ብቻዬን መብላት ደግሞ አልሆነልኝም። ወንበር ከተረፈ ብዬ ነው።»

እማዬ ምሳ ዕቃውን ተቀብላ አሞቀችላቸውና የዱሮ ቦታቸው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ምሳ ዕቃ የያዙ ሌሎችም መጡ፤ ለማሞቂያና ለሻይ ትንሽ ይከፍላሉ። ቤቷ አልተዘጋችም። የኮንትራት ደንበኞቿ ግን ከዚያ ወዲህ እንደ ዱሮው አልበዙም።

ዛሬም ዜናው ላይ ዕድገትና ግሽበት ሲነሳ እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጊው ትለኛለች። ጋሽ ሰለሞን አልዋሿትም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ያወሩት እውነት ግን ሽንኩርት ለምትገዛ ሴት የሚሆን መልስ አልነበረም። ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ እየተገናኙ ሳይደማመጡ ወራት ማለፋቸው እስከ አሁን ያሳዝነኛል።

እናም ቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ኑ። ስትመጡ፣ ከቤታችሁ ገበያ የሚወጣውን ሰው «ግሽበት ይቀንሳል ሲባል ምን ትጠብቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳታርሙ፣ እንዳለ ይዛችሁልኝ ኑ።