በእሳቸው ላይ ያላከክሁት ባዶ ዛላ

ደብረ ታቦር ስለ ሰብል ማዳቀል አስተምራለሁ። ጉና ግርጌ አንድ አዛውንት ገበሬ ከማሳቸው ጥግ ቁራሽ መሬት ለቀውልኝ፣ ስንዴን ከዱር ሣር ጋር አዳቅዬ ያገኘሁትን ዘር ዘሩልኝ። የፈለግሁት ሣሩ ዋግ የተባለውን የስንዴ በሽታ የሚቋቋምበትን ኃይል ወደ ስንዴው ማሻገር ነበር። ስንዴ ውስጥ ግን አንድ ጥብቅ ዘረመል አለ፤ የዘር ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞች ከገዛ ጥንዳቸው በቀር ከሌላ ጋር እንዳይጣመሩ ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ዘረመል የጎደለው እናት ስንዴ አዘጋጅቼ፣ ከእሱ በተዳቀለው ውስጥ የስንዴውና የሣሩ ክሮሞሶሞች ተጣምረው ጥቂትም ቢሆን ፍሬ ይይዛል ብዬ ነበር።

ዛላው ባዶ ሆነ። ገበሬዎች ለጉብኝት በተሰበሰቡበት ቀን አንዱን በመዳፌ አሽቼ እፍ ስለው ገለባ ብቻ በነነ። ሁሉም እኔን ያያል። አፌ ቀደመኝና አዛውንቱ ዘግይተው ስለዘሩ ውርጭ መታው አልኩ። እሳቸው፣ "በነገርከኝ ቀን ነው የዘራሁት" አሉ። መንደሩ የዘር ስንዴ የሚለውጠው ከእሳቸው ጎተራ እንደሆነ፣ አዘራሩ የታማ ገበሬ ዘርም እንደማይታመን አውቅ ነበር።

ሰብሉ ከማበቡ በፊት የቆረጥኳቸው ዛላዎች አልኮል ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ከወር በኋላ በማይክሮስኮፕ ሳያቸው ክሮሞሶሞቹ ጥንድ አጥተው በየፊናቸው ተበታትነዋል። ከልካዩ ዘረመል እዚያው አለ። ለማዳቀል እናቱን የወሰድኩት ከተራው ስንዴ ከረጢት ነበር። ይህን አስቀድሜ ማየት ስችል ሰው ከሰስኩ። ሳውቅም ወዲያው አልሄድኩም፤ እንዲህና እንዲያ እያልኩ እስከ ክረምት ቆየሁ።

በዘር ወቅት ቤታቸው ሄጄ ለብቻቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጎተራቸው እንደሞላ ነው።

"ዘንድሮ ዘር ሊለውጥ ማንም አልመጣም" አሉ። "የተናገርከው በሰው ፊት ነው ልጄ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ክሮሞሶም፣ ስለ ዘረመል ለፈለፍኩ። አንድ ገበሬ ረጋ ብሎ፣ "እንግዲያ ይኸ በሽታ እሳቸው ጎተራ ባለው ስንዴም አለ ማለት ነው?" አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። አዛውንቱ መሬት መሬት ያያሉ።

"የለም። የእሳቸው ዘር ጤነኛ ነው፤ በቀኑም ዘርተዋል። ከረጢት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ሁለት ሴቶች ዘር ሊለውጡ ከየቤታቸው ቁና ይዘው እሳቸው ቤት መጡ። የቀረው ሰው ከገበያ ገዝቶ ዘርቶ ጨርሷል።

"ለከርሞ ይመጣሉ" አሉኝ ሲሸኙኝ። የሚያጽናኑት እኔን ነበር።